ጥቅምትን በቤት፦ ዱባ፣ እሸት፣ ቅቅልና የማታ ጨዋታ

ዝናቡ አባርቷል። ጭቃው ደርቋል። ቀን ፀሐይዋ ቦግ ብላ ትውላለች፤ ማታ ግን ብርዱ ጋቢ ያስደርባል። መጸው ገብቷል ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ይዘልቃል። ዋናው ጊዜው ግን ጥቅምት ነው።

ብዙ ቤት ይህ ወቅት ሳይታወቅ ያልፋል። እንቁጣጣሽና መስቀል ኪስ አራግፈው ሄደዋል። የትምህርት ቤት ወጪው ገና አላባራም። የገና በዓል ደግሞ ሩቅ ነው። ስለዚህ ሰው ማታ ማታ በሩን ዘግቶ፣ ሁሉም በየስልኩ አቀርቅሮ ያመሻል። እኔ በበኩሌ ቤት ለመቀመጥ እንደ ጥቅምት የሚመች ወር አላውቅም። እሸቱ ደርሷል፣ ዱባው በስሏል፣ አዲስ ማር ገበያ መውጣት ጀምሯል። ብርዱ ራሱ ሰውን ወደ ምድጃው ይሰበስባል። ድግስ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ቀስ ብሎ የሚበስል ድስት፣ ለእያንዳንዱ የቤቱ ሰው ደግሞ አንድ ሥራ ነው።

ይህን የሥራ ክፍፍል አደራ እላለሁ። እናት ብቻዋን ማጀት ገብታ ሌላው ሳሎን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ከሆነ ቀኑ ለእሷ እረፍት ሳይሆን ተጨማሪ ልፋት ነው የሚሆነው። ስለዚህ በየደረጃው ማን ምን እንደሚሠራም አብሬ እነግራችኋለሁ። ከዓርብ ማታ ተነስተን ሰኞ ጠዋት እንጨርሳለን።

ዓርብ ማታ፦ ዱባ ወጥ

ዓርብ በብዙ ቤት ጾም ነው፣ ዱባ ደግሞ በዚህ ወቅት እንደ ልብ ይገኛል። ሙሉውን ስትገዙ በእጃችሁ መዝኑት፤ ለመጠኑ ከበድ ያለውን፣ ከሐረጉ የተቆረጠበት ጫፍ የደረቀውን ውሰዱ። ጉሊት ላይ ተቆርጦ ከሆነ የሚሸጠው ውስጡ ደማቅ ብርቱካናማ የሆነውን ምረጡ። ገርጣ ያለውና ውሃ ያዘለው ወጡን ያቀጥነዋል።

ለስድስት ሰው አንድ ኪሎ ተኩል ይበቃል። አሠራሩ እንዲህ ነው።

1. ሦስት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት አድቅቃችሁ ክተፉ። ዘይት ሳታስገቡ በመካከለኛ እሳት እያማሰላችሁ ውሃው እስኪመጥ አቁላሉት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ የወጡ ጣፋጭነት የሚመጣው ከዚህ ነው።

2. ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ዘይት ጨምሩና ትንሽ ቆይታችሁ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ አስገቡ። እንዳያርባችሁ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ ዐሥር ደቂቃ ያህል አቁላሉ። ልጆች ካሉ በርበሬውን በግማሽ ቀንሱና ጥቂት እርድ ጨምሩበት።

3. የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሩ።

4. ዱባውን ልጣችሁ በአውራ ጣት ውፍረት ቆራርጡትና ቁሌቱ ውስጥ ጨምሩት። አንድ የሻይ ብርጭቆ ውሃ ብቻ አፍስሱ። ዱባ ራሱ ውሃ ስለሚያወጣ ከዚያ በላይ አያስፈልገውም። ክደኑትና በዝግታ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይብሰል።

5. ጨውና ቁንጥር ኮረሪማ ጨምራችሁ አውጡ።

መጨረሻው ላይ ብዙ አታማስሉት። ቅርጹን እንደያዘ ሲቀርብ ነው ደስ የሚለው። አንዳንድ ቤት ድቅቅ እስኪል ያበስሉታል፤ ለሕፃናትና ጥርስ ለሌላቸው አያቶች ይህኛው ይሻላል።

ፍሬውን እንዳትጥሉት። ልጆቹ ከሥጋው ለይተው ይጠቡት፣ ሰፌድ ላይ ዘርግተው ነገ ፀሐይ ያስመቱት። ሲደርቅ ምጣድ ላይ ከጨው ጋር ቆላ ቆላ ቢደረግ ለማታ ጨዋታ የሚቆረጠም ይሆናል።

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ በተርነት ስኳሽ የሚባለውን ዱባ ግዙ። ጣዕሙ ለእኛው ይቀርባል። ለሃሎዊን ጌጥ የሚሸጠው ትልቁ ዱባ ግን ለወጥ አይሆንም፤ ውሃ ይበዛዋል፣ ጭረቱም አፍ ውስጥ ይቀራል።

ቅዳሜ ጠዋት፦ ቤቱ ፀሐይ ይሙቅ

ክረምቱን ሙሉ እርጥበት የጠጣ ቤት በአንድ ጊዜ አይደርቅም። ፍራሹ ይሸታል፣ ብርድ ልብሱ ቀዝቀዝ ይላል፣ ከቁም ሳጥን ጀርባ ያለው ግድግዳ ሻጋታ ይዞ ይሆናል። የጥቅምት ፀሐይ ለዚህ ፍቱን ናት።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ መስኮቶቹን ሁሉ ክፈቱ። ጋቢውን፣ ብርድ ልብሱን፣ ትራሱን አውጡ። ፍራሹን ሁለት ሰው ይዞ በረንዳ ላይ ያቁመው፤ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ቢቆምም ጥሩ ነው። እኩለ ቀን ላይ አገላብጡት። ሻጋታ ያለበትን ግድግዳ በሳሙና ውሃ ጠርጋችሁ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ትንሽ አርቁት፣ አየር ይግባበት።

አሁን ሰዓት መጠበቅ ይመጣል። ልብሱን 9 ሰዓት ላይ፣ ገና ሙቀቱን እንደያዘ አስገቡት። መስኮቶቹንም ከ10 ሰዓት ሳታሳልፉ ዝጉ። በክረምት ደመናው የምድርን ሙቀት አፍኖ ያቆያል። በጥቅምት ሰማዩ ስለሚጠራ ቀን የገባው ሙቀት ፀሐይ እንደጠለቀች ሽቅብ ይሄዳል። አዲስ አበባ ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርደው ለዚህ ነው። በደጋው አገር ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ እህል እስከ መምታት ይደርሳል። ቀን የሰበሰባችሁትን ሙቀት መስኮት ዘግታችሁ፣ መጋረጃ ጋርዳችሁ፣ በበሩ ሥር የተጠቀለለ አሮጌ ጨርቅ አኑራችሁ አቆዩት። ማታ አልጋ ስትገቡ ልዩነቱን ታዩታላችሁ፤ ፀሐይ የሞቀ ጋቢ ሽታው ብቻ እንቅልፍ ያመጣል።

ግቢ ያላችሁ በዚያው ጠራርጉት። ኅዳር ላይ ከሆነ ይህን የምታነቡት፣ ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ እየሰበሰበ ያጨሳል። "ኅዳር ሲታጠን" የምንለው ልማድ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከመታው የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ነው። ቅጠልና ጭራሮ ማጨስ ይበቃል። ፌስታልና ፕላስቲክ ግን እሳት ውስጥ አታስገቡ፤ ጭሱ ለሳንባ ጎጂ ነው፣ በተለይ አስም ላለበት ሰው።

የቅዳሜ ቁርስ፦ ገንፎ

ፍራሹ ውጭ እያለ አንድ ሰው ገንፎ ያገንፋ። ጉልበት ስለሚጠይቅ የቤቱ ጎረምሳ ቢይዘው ጥሩ ነው።

ሦስት ብርጭቆ ውሃ ከጨው ጋር አፍሉ። ከፈላው ውሃ አንዱን ብርጭቆ ቀንሳችሁ ለብቻ አስቀምጡ። ድስቱ ውስጥ ባለው ላይ ሁለት ብርጭቆ የገብስ ዱቄት ቀስ እያላችሁ ጨምሩና በጠንካራ ማማሰያ ከድስቱ ጎን ጋር እየደፈጠጣችሁ አገንፉት። ጓጉሎ እንዳይቀር እሳቱን ዝቅ አድርጉ። የቀነሳችሁትን ውሃ ትንሽ ትንሽ እየጨመራችሁ 15 ደቂቃ ያህል ሥሩ። ጣታችሁን ውሃ ነክራችሁ ንኩት፤ ካልተጣበቀ በስሏል።

ቅቤ የተቀባ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገልብጡትና እያዞራችሁ ነቅነቅ አድርጉት፣ ራሱ ይድበለበላል። ወደ ትሪ አውጡት። መሐሉን በእርጥብ ማንኪያ ጎድጎድ አድርጋችሁ ንጥር ቅቤና በርበሬ ሙሉበት። ከዳር እየቆረሱ መሐል እያጠቀሱ መብላት ነው። እርጎ ካለ አጠገቡ ይቅረብ። ጾመኛ ካለ ቅቤውን በዘይት ወይም በተልባ ይተካ።

ቅዳሜ ከሰዓት፦ እሸትና ቡና

ለገበያው አባትና ልጆች ይሂዱ። እሸት መምረጥ ልጅ በጨዋታ የሚማረው እውቀት ነው።

በቆሎ ስትመርጡ ልብሱ አረንጓዴና እርጥብ ይሁን፤ የደረቀ፣ የገረጣ ከሆነ ከተቆረጠ ቆይቷል። ከላይ ገለጥ አድርጋችሁ አንዷን ፍሬ በጥፍር ጫን በሉ። ነጭ ወተት ከረጨች ለጋ ናት። ውሃ ብቻ ከወጣ ገና አልደረሰም። ጥፍር አልገባ ካለ ደግሞ ጠንክሯል፣ ለንፍሮ እንጂ ለጥብስ አይሆንም። በገዛችሁበት ቀን ብሉት። በቆሎ ከተቆረጠ ጀምሮ ስኳሩ ወደ ስታርች እየተለወጠ ስለሚሄድ በነጋታው ጣዕሙ ይቀንሳል።

ለጥብስ፣ ከሰሉን ውጭ አያይዙትና ነበልባሉ ጠፍቶ ከላዩ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ። ነበልባል ላይ የተጠበሰ በቆሎ ውጩ ይከስላል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ልብሱን አውልቃችሁ ማንደጃው ላይ ደርድሩ፤ አንድ ልጅ በማራገቢያ ያራግብ፣ ሌላው ያገላብጥ። ፍሬው ጠቆር፣ ቢጫ፣ ጠቆር እያለ ጠስ ጠስ ማለት ሲጀምር ደርሷል። 10 ደቂቃ፣ ቢበዛ 15 ነው። ትኩሱን ሚጥሚጣና ጨው ነስነስ አድርጋችሁበት ብሉ፤ ቅቤ የቀባም አልተሳሳተም።

ለቅቅል ከሆነ የውስጠኛውን ስስ ልብስ አታውልቁ። ከነልብሱ ሲቀቀል ሽታው ቤቱን ይሞላዋል፣ ጣዕሙም አይወጣም።

የባቄላ እሸት ካገኛችሁ አንድ ሁለት ኪሎ ያዙ። መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፉና ሁሉም ዙሪያውን ተቀምጦ ይፈልፍል። ልጣጩ ጣት ያጠቁራል። ጥቁረቱ በሳሙና ቶሎ አይለቅም፤ ልጆች ሰኞ ትምህርት ቤት ይዘውት ቢሄዱ የእሸት ምልክት ነውና አትቆጧቸው። ግማሹ እየተፈለፈለ ጥሬውን ይበላል፣ ያ ነው ደስታው። የተረፈውን ጨው ባለው ውሃ ሩብ ሰዓት ቀቅላችሁ ከበቆሎው ጎን አቅርቡት።

ስልክ በዚህ ሰዓት ከምንጣፉ ይራቅ። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይከፈታል። ልጅ ትምህርት ቤት ምን እንደገጠመው "ንገረኝ" ሲባል ዝም ይላል፤ ባቄላ እየፈለፈለ ግን ሳይጠየቅ ይናገራል።

ቡናው እንዳይቀዘቅዝ ከእሸቱ ጋር እኩል እንዲደርስ አድርጉ። አፈላሉን አላስተምራችሁም፤ የየቤቱን እጅ የቤቱ ሰው ያውቀዋል። አንድ ነገር ብቻ፦ አቦልን ጠጥታችሁ አትነሱ። ቶናውም በረካውም ይጠጣ። ጨዋታው የሚደምቀው ሁለተኛው ሲኒ ላይ ነው። ጎረቤትም ጥሩ። ብቻቸውን የሚኖሩ እትዬ ወይም ጋሼ በሰፈሩ ካሉ ልጅ ልካችሁ አስጠሩ፤ የእሸት ቀን ያለ ጎረቤት አያምርም።

ቅዳሜ ማታ፦ ሻይ፣ እንቆቅልሽና የከሰል ነገር

ከሁሉ በፊት የከሰሉን ጉዳይ እንጨርስ፤ የሰው ሕይወት ያለበት ነውና።

ብርድ ሲጠና ቡና የተፈላበትን ማንደጃ መኝታ ቤት አስገብቶ መሞቅ የተለመደ ነው። አታድርጉት። የጋመ ከሰል ጭስ ባይታይበትም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ የተኛ ሰው ግን ይህን ሳያውቀው ያልፋል። ቤተሰብ በሙሉ ማታ ተኝቶ ሳይነሳ የቀረበት አለ። "ጭሱ ወጥቶለታል" ወይም "ጨው ነስንሼበታለሁ" የሚለው አያድንም። ከሰል ቤት ውስጥ ካለ በርና መስኮት ክፍት ይሁን፤ ከመተኛታችሁ በፊት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ውጭ ይውጣ። ራሱን ያዞረው ሰው ካለ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፣ ሐኪም ቤትም ውሰዱት።

ለአልጋ ማሞቂያ የላስቲክ የሙቅ ውሃ መያዣ ይበቃል። በፎጣ ጠቅልላችሁ ከመተኛታችሁ ሩብ ሰዓት በፊት እግርጌ አስገቡት።

ሻዩን በዝንጅብልና በጦስኝ አፍሉት። ጦስኙን ውሃው ሲፈላ አስገቡና ወዲያው ከእሳት አውርዳችሁ ለአምስት ደቂቃ ክደኑት፤ አብሮ ከፈላ ይመራል። ማር ስትጨምሩ ሻዩ ትንሽ በረድ ይበል። ጥቅምትና ኅዳር የማር ቆረጣ ወቅት ስለሆነ ከሚያምኑት ሰው አዲስ ማር ማግኘት ይቻላል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም።

ከዚያ ጨዋታ። መብራት ቢጠፋም ባይጠፋም ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። እንቆቅልሹን ታናሹ ይጀምር፤ ታላላቆቹ ከጀመሩ ትንንሾቹ ያፍራሉ። "እንቆቅልሽ" ሲል "ምን አውቅልሽ" እየተባለ ይቀጥላል። ለምሳሌ "ሲሄድ ይውላል፣ ሲሄድ ያድራል፣ ድካም አያውቅም" ብትሉ ልጆቹ መኪና፣ ሰዓት፣ ፀሐይ ይላሉ። ወንዝ መሆኑን ያላወቀ አገር ይሰጣል። ጎንደርን፣ ሐረርን፣ ጅማን ያስረከበ ልጅ የመጨረሻውን አገር ላለመስጠት ሲሟገት ማየት ነው ጨዋታው። አያት ካሉ "ተረት ተረት" ይበሉ፣ ልጆቹ "የላም በረት" ብለው ይቀበሉ። አያት ሩቅ አገር ከሆኑ ስልኩ ላውድ ላይ ሆኖ መሐል ይቀመጥ፤ ስልክ ለዚህ ሲሆን እሰየው ነው። በመኝታ ሰዓት ልዩነት እንዳያመልጣችሁ ብቻ ቀድማችሁ ተቀጣጠሩ።

ገበጣ ለመጫወት ከእንጨት የተሠራው የግድ አይደለም። ከእንቁላል ካርቶን ስድስት ስድስት ጉድጓድ ያለው ሁለት ረድፍ ቁረጡ። በየጉድጓዱ አራት አራት ደረቅ ባቄላ አስገቡ፣ በጠቅላላው 48 ፍሬ ማለት ነው። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፤ ቤት ውስጥ የሚያውቅ ትልቅ ሰው ካለ የእሱ ሕግ ይጽና።

እሁድ፦ ቅቅል

"በጥቅምት አንድ አጥንት" ይባላል። የዚህ ቅዳሜና እሁድ ትልቁ ሥራ ይኸው ነው።

የቀኑን ነገር አስቀድሜ ልበል። የጽጌን ጾም የምትጾሙ ከሆነ፣ እሱ ከመስከረም 26 ጀምሮ 40 ቀን ስለሚዘልቅ፣ ቅቅሉን ለኅዳር አቆዩት። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ስለዚህ ከኅዳር 6 እስከ 14 ያለችው አጭር ጊዜ የእናንተ ናት፤ ከዚያ ውስጥ ጾም ያልሆነውን ቀን ምረጡ። ሌሎቻችሁ ጥቅምት ሙሉ ክፍት ነው።

ለስድስት ሰው የሚያስፈልገው፦ አንድ ኪሎ ተኩል የበግ ወይም የፍየል ሥጋ ከነአጥንቱ፣ ሁለት ቀይ ሽንኩርት፣ አራት ድንች፣ ሁለት ካሮት፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ሦስት ቃሪያ፣ ሁለት ዘለላ የጥብስ ቅጠል፣ ጨው። ሥጋ ቤቱን ጎድንና አንገት እንዲቀላቅልላችሁ ጠይቁት። በጀት ከጠበበ ሥጋውን ግማሽ ኪሎ አድርጉና የበሬ ቅልጥም ጨምሩ፤ መረቁን የሚያጣፍጠው አጥንቱ ነው። ቅልጥሙን እዚያው እንዲሰብርላችሁ አድርጉ።

1. ሥጋውን አለቅልቁና ድስት ውስጥ በቀዝቃዛ ውሃ ጀምሩ፣ ውሃው ሥጋውን አራት ጣት ይለፈው። በፈላ ውሃ አትጀምሩ። ቀስ ብሎ ሲሞቅ የአጥንቱ ጣዕም ወደ መረቁ ይወጣል።

2. መፍላት ሲጀምር ግራጫ አረፋ ይንሳፈፋል። ልክ በዚህ ሰዓት ከድስቱ አትራቁ። በጭልፋ ከላይ ከላይ እየገፈፋችሁ አውጡት፣ እስኪጠራ ድረስ። አረፋው ከመረቁ ጋር ከተገላበጠ በኋላ ማጥራት አይቻልም።

3. እሳቱን ዝቅ አድርጉ። ውሃው እዚህም እዚያም ቡልቅ እያለ እንዲበስል እንጂ እንዳይንተከተክ። ሽንኩርቱን በአራት በአራት ቆርጣችሁ ከእርዱ ጋር ጨምሩና ክደኑት።

4. አሁን መጠበቅ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የባሕር ዳርቻ አገር በአንድ ሰዓት ተኩል የሚበስል ሥጋ እዚህ ሁለት ሰዓት ተኩል ሊፈጅ ይችላል። ፕሬዠር ያለው በ45 ደቂቃ ይጨርሳል፤ አረፋውን ግን ከመክደኑ በፊት ይግፈፍ። ውሃ ካነሰ የፈላ ውሃ ጨምሩ፣ ቀዝቃዛ አይሁን።

5. ሥጋው ከአጥንቱ መላቀቅ ሲጀምር ድንችና ካሮቱን አስገቡ። ጨው የሚጨመረውም አሁን ነው። መጀመሪያ ላይ የጨመረ ሰው መረቁ ሲተን ጨው ይበዛበታል።

6. ድንቹ በስሎ እሳቱን ከማጥፋታችሁ አምስት ደቂቃ በፊት የተወቀጠውን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ የጥብስ ቅጠሉንና ለሁለት የተሰነጠቀውን ቃሪያ ጨምሩ። እሳቱን አጥፉ፣ ክደኑ፣ ዐሥር ደቂቃ አትክፈቱት። መዓዛው የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው። ቶሎ ከከፈታችሁት በእንፋሎቱ ይሄዳል።

ድስቱ እየበሰለ ያለውን ረጅም ጊዜ በሌላ ጣጣ አትሙሉት። የልጆች የቤት ሥራ ማጀት ውስጥ ይሠራ፣ ሙቀቱ እዚያ ነው። አንዱ ድንች ይላጥ፣ አንዱ ነጭ ሽንኩርት ይውቀጥ። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰ ሰው በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሙቅ። ማንም ሰው "ደረሰ ወይ?" እያለ ክዳን እንዳይከፍት ግን አንድ ጠባቂ ይሾም።

ሲቀርብ መረቁ በጎድጓዳ ሳህን ለብቻ፣ ሥጋው እንጀራ ላይ ይሁን። አዋዜና ሰናፍጭ አጠገቡ። መረቁ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ጣል ቢደረግ ብርድ ለያዘው ሰው ደስ ይላል። ቅልጥሙን ሳህን ላይ ጠቅ ጠቅ አድርጋችሁ መቅኔውን አውጡ፣ በእንጀራ ጠቅልላችሁ ጨው ነስንሱበት። በብዙ ቤት በመቅኔው ጠብ ይነሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መጀመሪያውን ጉርሻ ለትልቁ ሰው ስጡ፣ የቀረውን ትልቁ ሰው ያካፍል።

ሰኞ ጠዋት፦ የመረቅ ፍትፍት

እሁድ ማታ የተረፈውን ድስቱ ውስጥ እንዳለ አታሳድሩት። በረድ ሲል ሥጋውን ከአጥንቱ አላቁና ከመረቁ ጋር ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። ጠዋት ከላዩ ስብ ረግቶ ታገኛላችሁ። ብዙ ከሆነ ግማሹን በማንኪያ አንሱት፤ ለሌላ ቀን ሽንኩርት ማቁላያ ይሆናል።

መረቁን በደንብ እስኪፈላ አሙቁት፣ ለብ ማድረግ አይበቃም። ቃሪያ ክተፉበት፣ ትንሽ በርበሬ ወይም አዋዜ ጨምሩ። እንጀራውን በእጃችሁ ቆራርሱና ትኩሱ መረቅ ላይ ጨምራችሁ አንዴ ገልበጥ ገልበጥ አድርጉት። የአንድ ቀን እንጀራ ከትኩሱ ይሻላል፣ መረቁን ጠጥቶ አይሟሟም። ለልጆቹ ዩኒፎርማቸውን ከመልበሳቸው በፊት አብሏቸው፤ መረቅ ከነጭ ሸሚዝ ቶሎ አይለቅም።